ኤስዲኤን በዩኒቨርሲቲ ግቢ፦ ከአንድ ላብ ተነስቶ የጎንደር ዓይነት ግቢዎችን ለማዳረስ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአንድ አጥር የታጠረ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የጀመረው ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አንድ ቦታ ነው። ማራኪ ሌላ ቦታ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሌላ፣ አፄ ፋሲል ሌላ። ጸዳ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በባሕር ዳር መንገድ ነው። እንዲህ የተበታተነ ግቢ ላይ ኔትወርክ ማስተዳደር ምን ያህል እንደሚያደክም የአይሲቲ ባለሙያ ያውቀዋል። አንድ ቪላን፣ ማለትም በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ለብቻው የተለየ ክፍል፣ ለመጨመር ስዊች በስዊች መግባት አለ። አንዱ ከተረሳ፣ መረሳቱ የሚታወቀው መምህሩ ክፍል ገብቶ «ኔትወርክ የለም እኮ» ብሎ ሲደውል ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ሥራ በሶፍትዌር ዲፋይንድ ኔትወርኪንግ፣ በአጭሩ በኤስዲኤን፣ እንዴት ማቅለል እንደሚቻል ያሳያል። የማንንም ግቢ ነባር ዝርጋታ አልገልጽም። ጎንደር ውስጥ እንዳሉት ያሉ ግቢዎችን በዓይነ ሕሊናዬ ይዤ ከዜሮ እንዴት እንደሚጀመር ነው የምጽፈው። ስዊች ማዋቀር የምትችሉ፣ ቪላን ምን እንደሆነ የምታውቁ፣ ሊኑክስ ላይ ትእዛዝ መጻፍ የማያስፈራችሁ ከሆነ ይበቃል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ስለ ኤስዲኤን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር መብራት የማይሄድበትን፣ ፋይበር በቁፋሮ የማይበጠስበትን ቦታ አስቦ የተጻፈ ነው። እኛ ጋ ከሁሉ በፊት መልስ የሚያሻው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ስዊቾቹን የሚያዝዘው ሶፍትዌር፣ ኮንትሮለሩ፣ ሲጠፋ ግቢው ምን ይሆናል? የሚቀጥሉት ደረጃዎች የተደረደሩት ለዚህ ጥያቄ መልስ እየሰጡ እንዲሄዱ ነው።

ነገሩ በአጭሩ

በተለመደው ስዊች ውስጥ ሁለት ሥራ አለ። አንዱ ፓኬቱ በየትኛው ፖርት እንደሚወጣ መወሰን ነው። ሌላው ፓኬቱን ማስተላለፍ ነው። ኤስዲኤን ውሳኔውን ከስዊቹ አውጥቶ ኮንትሮለር ለሚባል ሶፍትዌር ይሰጣል። ኮንትሮለሩ ሕግ ያወጣል፤ ስዊቹ ሕጉን በፍሎው ሰንጠረዡ ይዞ ይሠራበታል። እያንዳንዱ ሕግ የትኛውን ዓይነት ፓኬት እንደሚመለከት፣ ከሌሎቹ ሕጎች ይቅደም አይቅደም፣ ፓኬቱ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። ስንት ፓኬት እንዳለፈበትም ይቆጥራል።

ሁለቱ የሚግባቡበት ዋናው ፕሮቶኮል ኦፕንፍሎው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒክ ማክኪውን እና ባልደረቦቹ ከስታንፎርድ ሲያቀርቡት፣ ተመራማሪዎች በየዩኒቨርሲቲያቸው ኔትወርክ ላይ አዲስ ሐሳብ እንዲሞክሩበት አስበው ነበር። ጉግል ዳታ ሴንተሮቹን ለማገናኘት የተጠቀመበት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው 1.0 ስሪት አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ነበረው። ለእኛ የሚያስፈልገን እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 1.3 ነው፤ ብዙ ሰንጠረዦችን በተከታታይ ያሠራል።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ቁጠሩ

ከግዢ በፊት ቆጠራ ይቅደም። አንድ ሕንፃ ምረጡ። በየራኩ ያለውን የስዊች ሞዴል፣ የሶፍትዌሩን ስሪት፣ የተያዙትን ፖርቶች፣ ፋይበሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ጻፉ። ኬብሎቹ ላይ ምልክት ከሌለ አሁኑኑ ለጥፉ። አሰልቺ ነው። ግን ኤስዲኤን የተሳሳተ ካርታ ላይ ሲዘረጋ ስህተቱን በፍጥነት ያባዛዋል።

ሲቆጠር ሁለት ነገር አይረሳ። የመጀመሪያው ዩፒኤስ ነው። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትመኑ። ከግድግዳው ንቀሉትና ስዊቹን ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ በሰዓት ለኩ። ባትሪው ያረጀ ዩፒኤስ ደህና መስሎ ይቀመጥና መብራቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው በሕንፃዎች መካከል ያለው መስመር ነው። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው በመዳብ ኬብል የሄደ መስመር ካለ በፋይበር ይቀየር። በክረምት መብረቅ ሲወድቅ መዳቡ የኤሌክትሪክ ግፊቱን ይዞ እስከ ስዊቹ ፖርት ይደርሳል። ፋይበር ያን አያደርግም። ራኩም በደንብ መሬት መታሰሩን አረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ኮንትሮለሩ የት ይደር?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት አንድ ትልቅ ኮንትሮለር ዋናው ዳታ ሴንተር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ኮንትሮለሩ ማራኪ ተቀምጦ የጸዳን ስዊቾች የሚያዝ ከሆነ፣ በመንገዱ ላይ አንድ ኤክስካቫተር ፋይበሩን በበጠሰ ቁጥር ጸዳ ያለ አዛዥ ይቀራል። የጸዳ ተማሪ እዚያው ጸዳ ካለ ሰርቨር ፋይል ለማውረድ እንኳ የማራኪን ደኅንነት መጠበቅ የለበትም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ኮንትሮለሩ በየግቢው ይደር። ለሁሉም አንድ መሆን ያለበት የማዋቀሪያ ፋይሉ ነው። ፋይሉ በጊት፣ ማለትም የፋይልን ለውጥ ሁሉ በሚመዘግብ ሶፍትዌር፣ ይቀመጥ፤ የየግቢው ኮንትሮለር ቅጂውን ይውሰድ። መስመሩ ሲበጠስ እያንዳንዱ ግቢ በመጨረሻው ቅጂ ሥራውን ይቀጥላል። መስመሩ ሲመለስ አዲሱን ይወስዳል። በዚህ መንገድ ማዕከላዊ አስተዳደሩም አይቀርብንም፤ ግቢዎቹም እርስ በርስ አይጠላለፉም።

ቀጥሎ የሚወሰነው ስዊቹ ከኮንትሮለሩ ጋር ሲቆራረጥ የሚያደርገው ነገር ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ፌይል ስታንድአሎን ይባላል፤ ስዊቹ ወደ ተራ ስዊችነት ይመለሳል። ሌላው ፌይል ሴኪዩር ነው፤ ስዊቹ በሰንጠረዡ የያዛቸውን ሕጎች እንደያዘ ይቀጥላል፣ አዲስ ነገር ግን አይጨምርም።

ስታንድአሎን ሲሰሙት ደህና ይመስላል። በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የሶፍትዌር ስዊች፣ ኦፕን ቪስዊች፣ ላይ ግን ኮንትሮለሩ ሲጠፋ የፖርት ገደቦቻችሁ አብረው ይጠፋሉ። ቪላኑን የለየው ኮንትሮለሩ ብቻ ከነበረ የቢሮውና የዶርሙ ኮምፒውተር አንድ ላይ ይቀላቀላል። ስለዚህ ለላብና ለዶርም ሴኪዩርን ምረጡ። የራሱ ነባር የቪላን ቅንብር ያለው የፋብሪካ ስዊች ላይ፣ ያውም ለቢሮ ብቻ ከሆነ፣ ስታንድአሎን ሊያስኬድ ይችላል።

ሴኪዩርም የራሱ ወጥመድ አለው፤ እኛ አገር ደግሞ በደንብ ይይዛል። ኮንትሮለሩ ብቻውን ሲጠፋ ሕጎቹ ስዊቹ ውስጥ ስላሉ ችግር የለም። መብራት ሄዶ ስዊቹም ኮንትሮለሩም አብረው ቢጠፉስ? ስዊቹ ሲነሳ ሰንጠረዡ ባዶ ነው። ኮንትሮለሩ እስኪነሳና ሕጎቹን እንደገና እስኪልክለት ድረስ አንድም ፓኬት አያሳልፍም። ሰርቨሩ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫነው የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ፣ ቅዳሜ ማታ መብራት ሄዶ ቢመለስ ግቢው እስከ ሰኞ ጠዋት ጨለማ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የኮንትሮለሩ ሰርቨር ባዮስ ላይ ኤሌክትሪክ ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ አድርጉት። የኮንትሮለሩ ሶፍትዌር ሊኑክሱ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ አገልግሎት ይሁን። ሰርቨሩ የግቢው ምርጥ ዩፒኤስ ላይ ይቀመጥ፤ ጀነሬተር ካለ በጀነሬተሩ መስመር ላይ ይሁን። ከተቻለ በየግቢው ሁለት ማሽን አድርጉ፤ በተለያየ ሕንፃ፣ በተለያየ የመብራት መስመር።

ደረጃ 3፦ ሶፍትዌርና ዕቃ

የኮንትሮለር ምርጫው ብዙ ነው። ኦኖስ አለ፤ ኦፕንዴይላይት አለ። ትላልቅ ናቸው፤ ለቴሌኮምና ለዳታ ሴንተር የሚመቹ። ሲስኮ ኤስዲ-አክሰስ የሚለው የግቢ መፍትሔም አለ፤ ቪኤክስላን እና ሊስፕ በሚባሉ ፕሮቶኮሎች ላይ ይሠራል። ጥሩ ምርት ነው። ግን ፈቃዱ በዶላር የሚታደስ ነገር በበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የግዢ ክፍልን ጠይቁ።

ለግቢ እኔ የምመርጠው ፎሴትን ነው። ክፍት ኮድ ነው፤ በፓይተን የተጻፈ፣ መጀመሪያ ሪዩ በሚባለው ማዕቀፍ ላይ የተሠራ። የተነሳውም ከኒውዚላንድ የምርምርና የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ሰዎች ዘንድ ነው። ዋናው ጥቅሙ ኮድ አያስጽፍም። የምትጽፉት አንድ የማዋቀሪያ ፋይል ነው። ሁለት ፎሴቶች ተመሳሳይ ፋይል ይዘው ጎን ለጎን መሥራት ይችላሉ፤ እርስ በርስ መነጋገር አያስፈልጋቸውም። የስዊቹ ቅንብር ላይ የሁለቱንም አድራሻ ታስገባላችሁ፤ በቃ። ደረጃ 2 ላይ ለተነሳው ጭንቀት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ያላችሁ ስዊች ኦፕንፍሎው 1.3ን ከብዙ ሰንጠረዥ ጋር መደገፉን ከአምራቹ ሰነድ አረጋግጡ። «ኦፕንፍሎው ይደግፋል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የሰንጠረዡን መጠንም እዩ። የስዊቾች ፈጣን ማህደረ ትውስታ ውድ ስለሆነ የሚይዙት የሕግ ብዛት ውስን ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አሥር ሕግ ልጻፍ ብትሉ ቶሎ ይሞላል።

ገንዘብ ከሌለስ? ባለ አራት ፖርት የኔትወርክ ካርድ የተገጠመለት ያገለገለ ዴስክቶፕ ውሰዱ። ኡቡንቱ ጫኑበት፤ ላዩ ላይ ኦፕን ቪስዊች ጫኑ። ይህ የመጀመሪያው ኤስዲኤን ስዊቻችሁ ነው። ለትልቅ ላብ አይሆንም፤ ለመማርና ለአንድ ትንሽ ክፍል ግን ይበቃል።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ በላፕቶፕ

ሚኒኔት የሚባል ሶፍትዌር በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሙሉ ኔትወርክ ይፈጥራል። ስዊቾቹ ኦፕን ቪስዊች ናቸው፤ ኮምፒውተሮቹ በሊኑክስ ውስጥ የተለዩ የኔትወርክ ክፍሎች ናቸው። ሁለት ስዊችና ስድስት ኮምፒውተር ሥሩ። ፎሴትን በዚያው ላፕቶፕ አስነሱ። ሁሉም ለሁሉም ፒንግ ያድርግ። ከዚያ አንዱን መስመር በትእዛዝ ቁረጡና ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ኮንትሮለሩን አጥፉት። መልሱት። እዚህ ላይ ማጥፋት ገንዘብ አያስወጣም፤ ተማሪም አያስቆጣም።

ደረጃ 5፦ ኮንትሮለሩን ማቆም

ለአንድ ግቢ ተራ ሰርቨር ወይም ደህና ዴስክቶፕ ይበቃል። ኡቡንቱ ሰርቨር ጫኑ፤ ቋሚ አይፒ አድራሻ ስጡት። ሰዓቱን በኔትወርክ ሰዓት ከሚያስተካክለው ኤንቲፒ ጋር አስተካክሉ፤ ሰዓቱ የተዛባ ሰርቨር የሚጽፈው ሎግ ችግር ለመፈለግ አይረዳም። ከዚያ ፎሴትን እና አብሮት የሚመጣውን ጌጅን ጫኑ። ጌጅ የስዊቾቹን ቁጥሮች የሚሰበስበው ክፍል ነው።

ስዊቾቹ ፎሴትን የሚያገኙት በቲሲፒ ፖርት 6653፣ ጌጅን ደግሞ በ6654 ነው። በድሮ ሰነዶች ላይ 6633 የሚል ታያላችሁ፤ መደበኛው ቁጥር ከመወሰኑ በፊት የነበረ ነው። በሰርቨሩ ፋየርዎል ላይ እነዚህን ፖርቶች ለስዊቾቹ የአስተዳደር አድራሻ ብቻ ክፈቱ።

ስዊቹና ኮንትሮለሩ የሚነጋገሩበት መስመር ከተማሪው ትራፊክ የተለየ ይሁን። የተለየ ኬብል ብታገኙ እሰየው። ካልሆነ የተለየ የአስተዳደር ቪላን። ኮንትሮለሩ ሊያዝዘው በሚገባው መስመር ላይ ራሱን ካንጠለጠላችሁት፣ አንድ የተሳሳተ ሕግ ኮንትሮለሩን ከስዊቹ ይቆርጠዋል፤ ስህተቱን ለማረምም መንገድ አይኖርም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ላብ ማገናኘት

አንድ የኮምፒውተር ላብ ምረጡ። ሬጅስትራር አይሁን፤ ፋይናንስ አይሁን። ቢቋረጥ በወንበር መቀየር የሚታለፍ ቦታ ይሁን። ጊዜውም ይታሰብበት። የምዝገባ ሳምንት አይሆንም። የጥምቀት ሰሞንም አይሆንም፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ የምትፈልጉት ቴክኒሺያን ደግሞ ፋሲል መዋኛ አካባቢ ነው። የሴሚስተር ዕረፍት ምርጥ ነው።

የማዋቀሪያ ፋይሉ በያምል ቅርጽ ይጻፋል። በያምል መስመሮች ወደ ውስጥ የሚገቡት በስፔስ ነው፤ ታብ ከነካችሁ አይቀበልም። ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ቪላኖቻችሁን ከነቁጥራቸውና ከነመግለጫቸው ትዘረዝራላችሁ። ለምሳሌ 110 ለመምህራን፣ 120 ለላብ፣ 130 ለዶርም፣ 140 ለእንግዳ ዋይፋይ። በሁሉም ግቢ ቁጥሩ አንድ ትርጉም ይኑረው። የአይፒ አድራሻውን ግን በግቢ ለዩት፤ ማራኪ 10.10፣ ቴዎድሮስ 10.20፣ ፋሲል 10.30 እያላችሁ። አድራሻውን ያየ ሰው የት እንዳለ በአንድ እይታ ያውቃል።

በሁለተኛው ክፍል ስዊቾቹን ታስገባላችሁ። እያንዳንዱ ስዊች ዳታፓዝ መለያ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለት ስዊች አንድ ቁጥር ከያዘ ነገሩ ይመሰቃቀላል። ከመለያው ሥር የስዊቹን ዓይነት፣ ከዚያ ፖርት በፖርት የትኛው የየትኛው ቪላን እንደሆነ ትጽፋላችሁ። ሦስተኛው ክፍል የኤሲኤል፣ ማለትም የፈቃድና የክልከላ ሕጎች ነው።

ፋይሉን ወደ ሥራ ከማስገባታችሁ በፊት ፎሴት አብሮት በሚመጣው መፈተሻ አረጋግጡ። ስህተት ካለ ይነግራችኋል። ይህችን ፍተሻ ልማድ አድርጓት።

ደረጃ 7፦ በእጅ የሚጨበጥ የመጀመሪያ ጥቅም

ዶርም ውስጥ ኔትወርክ ያስተዳደረ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንድ ተማሪ የቤት ዋይፋይ ራውተር ገዝቶ ይመጣል። ኬብሉን በተሳሳተው ፖርት ይሰካዋል። ራውተሩ ለጎረቤቶቹ ሁሉ አይፒ ማደል ይጀምራል። ከዚያ ግማሹ ብሎክ 192.168 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ኢንተርኔት አጥቶ ይቀመጣል። ተማሪው ምንም ክፉ አላሰበም። በሩ ክፍት ስለነበር ነው።

በኤስዲኤን ይህ በአንድ ሕግ ይዘጋል። ከተጠቃሚ ፖርት የሚመጣ፣ የኢተርኔት ዓይነቱ 2048፣ ማለትም አይፒቪ4 የሆነ፣ ፕሮቶኮሉ 17፣ ማለትም ዩዲፒ የሆነ፣ የመነሻ ፖርቱ 67 የሆነ ፓኬት ይጣል። 67 የዲኤችሲፒ ሰርቨር፣ ማለትም አይፒ አድራሻ የሚያድለው ሰርቨር፣ መልስ የሚወጣበት ፖርት ነው፤ ከተማሪ ክፍል በዚህ ፖርት የሚመጣ መልስ ሊኖር አይገባም። አይፒቪ6 ለሚጠቀሙም ተመሳሳይ ሕግ አለ፤ ዓይነቱ 34525፣ ፕሮቶኮሉ 58፣ የአይሲኤምፒ ዓይነቱ 134 የሆነውን የራውተር ማስታወቂያ ጣሉ።

ሕጉን አንዴ ትጽፉታላችሁ፤ ስም ትሰጡታላችሁ፤ በየተጠቃሚው ፖርት ላይ በስሙ ትጠሩታላችሁ። የኤሲኤል ሕግ የሚሠራው በዚያ ፖርት ወደ ስዊቹ በሚገባው ፓኬት ላይ መሆኑን ልብ በሉ። እውነተኛው የዲኤችሲፒ ሰርቨር ባለበት ወይም ወደ ኮር፣ ማለትም ወደ ግቢው ዋና ስዊች፣ በሚወጣው ፖርት ላይ ይህን ሕግ አትጫኑ፤ ሁሉንም ታስርባላችሁ። በሕጎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ የቀረው ይለፍ ወይስ ይጣል የሚለውን በግልጽ ጻፉ።

ደረጃ 8፦ የመውጫ ፈተና ላብ

ለእኔ ኤስዲኤን በዩኒቨርሲቲዎቻችን ዋጋውን የሚያስመሰክረው እዚህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናን በኮምፒውተር ይፈተናሉ። የአንድ ልጅ የዓመታት ልፋት በዚያ ላብ ኬብል ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ለአይሲቲ ክፍል ከዚህ የሚበልጥ ኃላፊነት የለም፤ እንደዚያው በጥንቃቄ ይያዝ።

የፈተና ላብ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ፈተናው ወዳለበት ሰርቨር ያለ መቆራረጥ መድረስ እና ሌላ የትም አለመድረስ። በተለመደው አሠራር ይህን ለማድረግ በየላቡ እየዞሩ ስዊችና ፋየርዎል መነካካት ነበር፤ ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ መመለስ። በኤስዲኤን «ፈተና» የሚል የሕግ ስብስብ ቀድማችሁ ታዘጋጃላችሁ። በፈተናው ዋዜማ የላቡን ፖርቶች ወደዚያ ስብስብ ትቀይራላችሁ።

ስብስቡ በቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የደረጃ 7ቱ የዲኤችሲፒ ክልከላ። ቀጥሎ ወደ ፖርት 67 የሚሄድ የአድራሻ ጥያቄ ይለፍ። ከዚያ ኤአርፒ ይለፍ፤ ዓይነቱ 2054 ነው። ብዙ ሰው ይህችን ይረሳትና «ሁሉንም ፈቅጄ ለምን አይሠራም?» እያለ ይደክማል፤ ኤአርፒ የአይፒ አድራሻው የየትኛው ዕቃ እንደሆነ የሚጠየቅበት መልእክት ነው፤ ያለ እሱ ኮምፒውተሩ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ጌትዌይ ማግኘት አይችልም። ከዚያ የስም ጥያቄ፣ ፖርት 53፣ ወደ ግቢው ዲኤንኤስ ሰርቨር ብቻ። ከዚያ የሰዓት ማስተካከያ፣ ዩዲፒ 123፣ ወደ ግቢው ሰርቨር። የቆዩ የላብ ኮምፒውተሮች የማዘርቦርድ ባትሪያቸው ሞቶ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሰዓቱ የተዛባ ብራውዘር ደግሞ የፈተናውን ገጽ የደኅንነት ሰርተፊኬት አይቀበልም። በመጨረሻ ቲሲፒ 443 ወደ ፈተናው ሰርቨር አድራሻዎች ይለፍ። የቀረው በሙሉ ይጣል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። እነዚህ ሕጎች የሚያውቁት የአይፒ አድራሻን ነው፤ የድረ ገጽ ስም አያውቁም። ስለዚህ የፈተናውን ሰርቨር አድራሻዎች ከሚመለከተው አካል አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። አድራሻው ሊቀያየር የሚችል ከሆነ በዚህ መንገድ አትግፉበት፤ በመካከል ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ሰርቨር አስቀምጡና ላቡ ወደ ፕሮክሲው ብቻ እንዲሄድ አድርጉ።

ሌላው፣ ፈተና ተጀምሮ እያለ ፋይሉን አትንኩ። ፎሴት አንዳንዱን ለውጥ የተነካው ፖርት ላይ ብቻ ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ለውጥ ግን ስዊቹን በሙሉ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። የትኛው እንደሆነ መገመቻው ሰዓት የፈተና ሰዓት አይደለም። ቀደም ብላችሁ በዚያው ላብ፣ በዚያው ፋይል፣ ወንበሩን በሙሉ በተማሪ ሞልታችሁ ተለማመዱ።

ደረጃ 9፦ ከአሮጌው ኔትወርክ ጋር ማጋባት

ኤስዲኤን የገባበት ላብ ከቀረው ግቢ ጋር በአንድ መስመር ብቻ ይገናኝ። ሁለተኛ ኬብል «ለመጠባበቂያ» ብሎ መሰካት በተለመደው ኔትወርክ ዙሪያ ጥምጥም መስመርን አግኝቶ የሚዘጋው ስፓኒንግ ትሪ ስለሚጠብቀን ችግር አያመጣም። ፎሴት ግን በነባሪ ቅንብሩ የስፓኒንግ ትሪን መልእክት ይጥላል። ስለዚህ አሮጌዎቹ ስዊቾች ዙሪያ ጥምጥሙን አያዩትም፤ ፓኬቱ ሲዞር ሲዞር መላው ሕንፃ ይሰምጣል። መጠባበቂያ የግድ ከሆነ ሁለቱን ኬብሎች ላክፕ በሚባለው የኬብል ማጣመሪያ ፕሮቶኮል እንደ አንድ መስመር እሰሯቸው።

በዚያው መስመር ላይ ቪላኖቹ በታግ፣ ማለትም ፓኬቱ ላይ በሚለጠፍ የቪላን ቁጥር፣ ይለፉ። በሁለቱም በኩል ቁጥሩ መግጠሙን እዩ።

ደረጃ 10፦ ሆን ብላችሁ አጥፉት

ላቡ ሥራ ጀመረ ብላችሁ አትሂዱ። ተማሪ በሌለበት ሰዓት እነዚህን አድርጉ። የኮንትሮለሩን ሶፍትዌር አቁሙና ፋይል ማውረዱ መቀጠሉን እዩ። የኮንትሮለሩን ኬብል ንቀሉ። ሁለት ኮንትሮለር ካላችሁ አንዱን አጥፉ። ከዚያ ትልቁን አድርጉት፤ የሕንፃውን መብራት ከቆጣሪው አጥፍታችሁ ዩፒኤሶቹ እስኪያልቁ ጠብቁ፤ መልሳችሁ አብሩት። ማንም ምንም ሳይነካ ላቡ በስንት ደቂቃ ተመለሰ? ያንን ቁጥር ጻፉት። ካልተመለሰ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ይህን ፈተና ያላለፈ ዝርጋታ ወደ ሁለተኛ ሕንፃ መሄድ የለበትም፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ደረጃ 11፦ ዓይን ይኑራችሁ

ጌጅ የሚሰበስበውን ፕሮሚቲየስ በሚባለው የቁጥር ማከማቻ ውስጥ አስቀምጡ፤ ግራፋና በሚባለው ሶፍትዌር በሥዕል አውጡት። ብዙ ግራፍ አታብዙ። ስዊቹ ከኮንትሮለሩ ጋር እንደተገናኘ መሆኑ፣ ወደ ኮር የሚወጣው መስመር ምን ያህል እንደሞላ፣ በየፖርቱ የሚታየው የስህተት ቁጥር፤ እነዚህ ይበቃሉ። በአንድ ፖርት ላይ ስህተቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ብዙ ጊዜ ኬብሉ ተጎድቷል ወይም ጫፉ በደንብ አልተመታም። ተማሪው ሳይደውል ደርሳችሁ ትቀይሩታላችሁ።

ደረጃ 12፦ ቁልፉን ማን ይያዝ?

የኮንትሮለሩን ሰርቨር የያዘ ሰው ግቢውን ይዟል። የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ራክ ላይ አይለጠፍ። መግቢያው በኤስኤስኤች ቁልፍ ብቻ ይሁን። ከዶርምና ከእንግዳ ዋይፋይ ወደ አስተዳደር ቪላኑ የሚወስድ መንገድ አይኑር። ስዊቹ ከቻለ ከኮንትሮለሩ ጋር በቲኤልኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረ መስመር፣ ይነጋገር።

በጊት ላይ ያለውን ፋይል አንድ ሰው ይቀይር፤ ሌላ ሰው አይቶ ያጽድቅ። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረ እዚያው ይጻፍ። ነገር ሲበላሽ የትናንቱን ቅጂ መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰው ሥርዓቱን ከሥር እስከ ጫፉ ይወቀው። ጎበዝ ባለሙያ ሌላ ሥራ አግኝቶ መሄዱ ያለ ነው፤ እውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ ከአሁኑ ተተኪ አብሮ ይሥራ። የኮምፒውተር ሳይንስና የአይቲ ተማሪዎችን በሚኒኔቱ ላይ አስገቧቸው። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ደረጃ 13፦ ወደ ቀጣዩ ሕንፃና ግቢ

አንድ ላብ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሠርቶ ከታየ ቀጣዩ የዶርም ብሎክ ይሁን። ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት። ከዚያ ሌላ ግቢ፤ የራሱ ኮንትሮለር፣ ያው ፋይል፣ አዲስ የዳታፓዝ ቁጥሮች። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ የፎሴት ስዊቾችን ስታያይዙ ስታኪንግ የሚባለውን ቅንብር ተጠቀሙ፤ ፎሴት በስዊቾቹ መካከል ያሉትን መስመሮች ኤልኤልዲፒ በሚባል የጎረቤት መለያ መልእክት ይከታተላል፤ ዙሪያ ጥምጥም አይፈጠርም፣ አንዱ ሲበጠስም በሌላው ያልፋሉ።

የዩኒቨርሲቲውን ሆስፒታል ለመጨረሻ አቆዩት። የላቦራቶሪ ውጤትና የሕሙማን መረጃ የሚሄድበት መስመር የመማሪያ ቦታ አይደለም። እዚያ ለመግባት ከማሰባችሁ በፊት በሌሎቹ ግቢዎች ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት አሳልፉ። ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋርም ቁጭ ብላችሁ የትኛው ክፍል ለስንት ደቂቃ ያለ ኔትወርክ መሥራት እንደሚችል፣ በዚያ ሰዓት በወረቀት ምን እንደሚመዘገብ ተነጋገሩና ጻፉት። ደረጃ 10 ላይ የጻፋችሁት የመመለሻ ደቂቃ እነሱ ከሚሰጧችሁ ቁጥር የሚበልጥ ከሆነ ሆስፒታሉ በነባሩ ዝርጋታ ይቆይ።